ኮምፒውተር ሳይንስን ከዜሮ ለሚጀምር ሰው፦ መሠረቱ ምንድን ነው?

ዛሬ ኮድ መጻፍ የማይችል ሰውም ኮድ ማስጻፍ ይችላል። ለአንዱ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም «እንዲህ ያለ ነገር ሥራልኝ» ብሎ በተራ ቋንቋ መንገር ይበቃዋል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ 40 መስመር ኮድ ይደረደርለታል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮዱ ትክክል ነው? ሁልጊዜ ይሠራል ወይስ ለዛሬው ብቻ? መረጃው መቶ እጥፍ ቢያድግስ? ይህን ለመመለስ ኮዱን ማንበብ ያስፈልጋል። ለማንበብ ደግሞ መሠረቱን ማወቅ።

«ኤአይ ኮድ እየጻፈ እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር ወይስ ልተወው?» የሚለው ጥያቄ በየቦታው የሚነሣው ለዚህ ይመስለኛል። ከሱ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ።

## መሠረቱ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማወቅ ነው?

አይደለም። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ፓይተን ጀመርኩ። ሁለት ወር ሳይሞላኝ «ጃቫ ይሻላል» ሲባል ሰምቼ ወደ ጃቫ ዞርኩ። ቀጥሎ ጃቫስክሪፕት። ሦስት ጊዜ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ተማርኩ፤ ሁለተኛውን ግን በአንዱም አልደረስኩበትም። የምፈልገው ነገር ከሦስቱም ቋንቋዎች ሥር እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው ያን ያህል ጊዜ እንዳያባክን ብዬ ነው።

ከቋንቋዎቹ ሥር ያሉት ሐሳቦች ብዙ አይደሉም። መረጃ በማሽን ውስጥ ምን መልክ ይይዛል? አንድ ሥራ እንዴት ወደ ትንንሽ እርምጃዎች ይከፈላል? ሥራው ስንት ጊዜና ስንት ሜሞሪ (ማሽኑ መረጃ የሚይዝበት ቦታ) ይበላል? ማሽኑ ራሱ ውስጥ ምን ይካሄዳል? ከናካቴው የማይቻለውስ ምንድን ነው? እነዚህን የያዘ ሰው አዲስ ቋንቋ በሳምንታት ይለምዳል።

## ማሽኑ ፊደል ካላወቀ «ሰላም» የሚለውን የት ያስቀምጠዋል?

ኮምፒውተር ውስጥ ፊደል የለም። ፎቶም ሙዚቃም የለም። ያለው ከፍና ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ነው። ዝቅተኛውን 0፣ ከፍተኛውን 1 ብለን እንጠራዋለን። አንዷ 0 ወይም 1 ቢት ትባላለች። ስምንት ቢት ሲሰበሰብ አንድ ባይት ይሆናል።

አንድ ቢት የሚለየው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሁለት ቢት አራት ይለያል፦ 00፣ 01፣ 10፣ 11። አንድ ቢት በጨመርን ቁጥር የምንለየው ነገር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ባይት 256 ነገሮችን ይለያል።

በ0 እና በ1 ብቻ መቁጠር ባይነሪ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ አሠራሩን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። 407 ስንል አራት መቶዎች፣ ዜሮ አስሮችና ሰባት አንዶች ማለታችን ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ስንሄድ የየቤቱ ዋጋ በአስር እጥፍ ያድጋል። በባይነሪ የሚያድገው በሁለት እጥፍ ነው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ። 1101 ማለት እንግዲህ አንድ 8፣ አንድ 4፣ ምንም 2 እና አንድ 1 ነው። ሲደመር 13። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቁጥር ከተቀመጠ ፊደልም ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር መስጠት ብቻ ነው። ቁጥሩ ግን በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ገብተውበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) «ሀ» 4608 ናት፤ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። «ለ» 4616 ላይ ትጀምራለች፣ «መ» 4632 ላይ።

ስለዚህ «ሰላም» ብላችሁ ስትልኩ ከስልካችሁ የሚወጡት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ 4656፣ 4619፣ 4637። የመጨረሻውን ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ከ«መ» ጀምራችሁ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም ብላችሁ ቁጠሩ። 4632፣ 4633፣ 4634፣ 4635፣ 4636፣ 4637።

አንዳንዴ አማርኛ ጽሑፍ ከፍታችሁ በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አሁን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቁጥሩ በትክክል ደርሷል። የፊደሎቹን ቅርጽ የሚይዘው ፎንት ግን ማሽኑ ላይ የለም። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው ሥዕሉ ነው።

ፎቶም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ምስሉ በጥቃቅን ነጥቦች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይሰጠዋል።

## ቁጥሮቹ ሁልጊዜ ልክ ናቸው?

አይደሉም፤ ይህን ቶሎ ማወቅ ከብዙ ችግር ያድናል።

አንደኛ፣ የተመደበው ቦታ ይሞላል። አሉታዊና አዎንታዊ ቁጥር የሚይዝ 16 ቢት ቦታ ከ32,767 በላይ መያዝ አይችልም። ጁን 4 ቀን 1996 የመጀመሪያዋ አሪያን 5 የተባለች የአውሮፓ ሮኬት ከተነሣች ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ በአየር ላይ ተበታተነች። መነሻው ከሮኬቷ የአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ቁጥር ነበር። በ64 ቢት የተቀመጠውን ይህን ቁጥር ሶፍትዌሩ ወደ 16 ቢት ሊያዛውረው ሞከረ። አልገባም። ያ ኮድ የተወሰደው ከቀድሞዋ አሪያን 4 ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ያን ያህል ስለማያድግ ችግር አልነበረበትም።

ሁለተኛ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ይሸራረፋል። ፓይተን ላይ 0.1 + 0.2 ብትጽፉ መልሱ 0.30000000000000004 ነው። ማሽኑ አልተበላሸም። አንድን ለሦስት ስናካፍል 0.333 እያለ ማለቂያ እንደማይኖረው ሁሉ፣ 0.1ም በባይነሪ ሲጻፍ አያልቅም። ማሽኑ የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ገንዘብ የሚይዝ ፕሮግራም በነጥብ ከመሥራት ይልቅ ሁሉን በሳንቲም አድርጎ በሙሉ ቁጥር ቢይዝ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

## አልጎሪዝም ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ የሰው ስም ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ ስሙ በላቲን ሲጻፍ ተለዋውጦ ነው አልጎሪዝም የሆነው። በአማርኛ ስልተ ቀመር እንለዋለን። አንድን ሥራ ለመጨረስ የሚያስፈልጉ ግልጽና ማለቂያ ያላቸው እርምጃዎች ማለት ነው። «ግልጽ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ከባድ ነው። ማሽን «መቼም ገብቶሃል» አይባልም።

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ከተሰጡን ቁጥሮች ትልቁን እንፈልግ። ሰው ዓይኑን ወርወር አድርጎ ያገኘዋል፤ ማሽን ግን አንድ በአንድ ነው የሚያየው። እንዲህ እንንገረው፦

1. «ትልቁ» የሚል ስም ያለው ሳጥን ያዝ፤ ውስጡ 0 አስቀምጥ።
2. የሚቀጥለውን ቁጥር ተመልከት። ሳጥኑ ውስጥ ካለው ከበለጠ፣ የሳጥኑን በሱ ተካ።
3. ቁጥር እስኪያልቅ 2ኛውን ድገም።
4. ሳጥኑ ውስጥ ያለውን መልስ።

በ14፣ 9፣ 31፣ 20 እንሞክረው። ሳጥኑ 0 ነው። 14 ይበልጣል፤ ሳጥኑ 14 ሆነ። 9 አይበልጥም፤ ይለፍ። 31 ይበልጣል፤ ሳጥኑ 31። 20 አይበልጥም። መልስ፦ 31። ትክክል ነው።

አሁን ደግሞ -7፣ -3፣ -12 ስጡት። የብርዳማ ቀን የሙቀት መጠን ነው እንበል። ሳጥኑ 0 ነው። -7 ከ0 አይበልጥም። -3ም አይበልጥም። -12ም። መልስ፦ 0። ዜሮ እኮ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም! ትክክለኛው -3 ነበር።

ስህተቱ ያለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። «0 አስቀምጥ» ስንል «ሁሉም ቁጥር ከዜሮ ይበልጣል» ብለን ሳናውቀው ወስነናል። መፍትሔው ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ አድርጎ መነሣት ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ቀይ መልእክት አያወጣም። ፕሮግራሙ ያለምንም ችግር ይሠራል፤ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ኮዱን ሰው ይጻፈው ኤአይ ይጻፈው፣ ይህን የሚይዘው በእጁ መስመር በመስመር የሚከታተል ሰው ነው።

በነገራችን ላይ፣ አራት መስመር ላይ የፕሮግራሚንግን ዋና ዋና ነገሮች አይታችኋል። ሳጥኑ ቫሪያብል ይባላል፤ ስም የተሰጠው የሜሞሪ ቦታ ነው። «ከበለጠ» የሚለው ኮንዲሽን ነው። «ድገም» የሚለው ሉፕ። ኮራዶ ቦም እና ጁሴፔ ጃኮፒኒ የተባሉ ጣሊያናውያን በ1966 እንዳሳዩት፣ በኮምፒውተር ሊሰላ የሚችል ማንኛውም ነገር በተከታታይ እርምጃ፣ በኮንዲሽንና በሉፕ ብቻ ሊገለጽ ይችላል።

## ከሠራ አይበቃም? ፍጥነት ለምን ያስጨንቃል?

ከ1 እስከ 1,000,000 ካሉት አንድ ቁጥር በልቤ ይዣለሁ። ገምቱ፤ እኔ «ከፍ በል» ወይም «ዝቅ በል» እላለሁ። ከ1 ጀምራችሁ በተራ ብትጠይቁ እድለኛ ካልሆናችሁ ሚሊዮን ጊዜ ትጠይቃላችሁ። 500,000 ብላችሁ ብትጀምሩ ግን በአንድ ጥያቄ ግማሹ ይወድቃል። ቀጥሎ የቀረውን ግማሽ ትከፍሉታላችሁ። ቢበዛ በ20 ጥያቄ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ እስከ 1 ቢሊዮን ቢሆንስ? 30 ጥያቄ። መረጃው ሺህ እጥፍ አደገ፤ ሥራው የጨመረው በ10 እርምጃ ነው። ይህን መጀመሪያ በወረቀት ስሠራው የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ዘዴው ባይነሪ ሰርች ይባላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ መረጃው በቅደም ተከተል የተደረደረ መሆን አለበት። መደርደሩ ራሱ ደግሞ ሥራ ነው። አንድ ሚሊዮን ቁጥር ለመደርደር እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ የሚያወዳድር ቀላል ዘዴ 500 ቢሊዮን ገደማ ንጽጽር ይፈልጋል። ጆን ፎን ኖይማን በ1945 ያፈለቀው መርጅ ሶርት የሚባለው ዘዴ ግን ዝርዝሩን እየከፈለ፣ የተደረደሩትን መልሶ እያዋሐደ በ20 ሚሊዮን ገደማ ይጨርሳል። በሰከንድ 100 ሚሊዮን የሚያወዳድር ማሽን ብናስብ፣ አንዱ ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ ሌላው የሰከንድ አምስተኛ። ማሽኑ ያው ነው። መልሱም ያው ነው።

ተማሪውን ሁሉ የሚያስፈራው ቢግ ኦ የሚባለው አጻጻፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ መረጃው እጥፍ ሲሆን ሥራው ምን ያህል ይጨምራል? በባይነሪ ሰርች አንድ እርምጃ ብቻ ይጨምራል። በተራ መፈለግ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ቀላል የአደራደር ዘዴ አራት እጥፍ ይሆናል።

## ዳታ ስትራክቸርስ?

መረጃን የማስቀመጫ መልክ ነው። አቀማመጡ የሚመረጠው በኋላ ልንሠራበት ባሰብነው ሥራ ነው። ጽሑፍ ስትጽፉ ተሳስታችሁ «መልስ» (Undo) የሚለውን ስትነኩ መጀመሪያ የሚሰረዘው የመጨረሻው ነው፤ ይህ ስታክ ነው። ፕሪንተር ቀድሞ የመጣለትን ቀድሞ ያትማል፤ ይህ ኪው ነው፣ ተራ መጠበቅ። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እሱም ውስጥ ሌላ፤ ይህ ትሪ ነው። መንገድና መንገድ የሚገናኝበት ካርታ ደግሞ ግራፍ ነው። በካርታ ላይ አጭሩን መንገድ ለማግኘት ዛሬም መነሻ የሆነውን አልጎሪዝም ኤድስገር ዳይክስትራ ያሰበው በ1956 ነው። አምስተርዳም ውስጥ ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ እንደጨረሰው ራሱ ተናግሯል።

## ኤሌክትሪክ እንዴት «ያስባል»?

የፕሮሰሰር (ትእዛዝ የሚፈጽመው የኮምፒውተር አካል) ትንሿ ክፍል ትራንዚስተር ናት፤ ያለ ጣት የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ በሏት። ሁለት ማብሪያዎች በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ቢገጠሙ አምፖሉ የሚበራው *ሁለቱም* ሲበሩ ነው። ጎን ለጎን ቢገጠሙ ግን *አንዱ* ይበቃል። «እና» እና «ወይም» በኤሌክትሪክ ተሠሩ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆርጅ ቡል እውነትና ሐሰትን እንደ ሒሳብ ማስላት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። በ1937 የ21 ዓመቱ ክሎድ ሻነን በማስተርስ ጽሑፉ ይህን ሒሳብ ከማብሪያ ማጥፊያዎች ጋር አገናኘው። ከ«እና»፣ ከ«ወይም» እና ከ«አይደለም» መደመሪያ ይሠራል፤ ከመደመሪያና ከመሰሎቹ ፕሮሰሰር።

ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው ትእዛዝ ትንሽ ነው። ከሜሞሪ አንድ ትእዛዝ ያነሣል፣ ምን እንደሆነ ይለያል፣ ይፈጽማል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። 3 ጊጋኸርዝ የሚባል ፕሮሰሰር በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ከላዩ እንደ ዊንዶውስና አንድሮይድ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ከዚያ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ከዚያ መተግበሪያው ይደራረባል። እያንዳንዱ ደርብ የታችኛውን ዝርዝር ይሸፍናል። ይህ አብስትራክሽን ይባላል። መኪና የሚነዳ ሰው መሪና ፍሬን ይበቃዋል፤ ስለ ፒስተን ማሰብ የለበትም። መኪናው ሲቆምበት ግን ኮፈኑን ከፍቶ ማየት የሚችለው ሌላ ሰው ነው።

## ኮምፒውተር የማይችለው ነገር አለ?

አለ፤ ያውም በሒሳብ የተረጋገጠ። አንድ ፕሮግራም ተጀምሮ ያልቃል ወይስ ለዘላለም ይሽከረከራል? ይህን ለማንኛውም ፕሮግራም ያለ ስህተት የሚመልስ መርማሪ ፕሮግራም መሥራት አይቻልም። መሠረቱን የጣለው አለን ቱሪንግ ነው፣ በ1936።

ምክንያቱ ይህን ይመስላል። እንደዚያ ያለ መርማሪ አለ እንበል። እኔ አንድ አመፀኛ ፕሮግራም እጽፋለሁ። መርማሪውን ስለ ራሱ ይጠይቀዋል፦ «እኔ አልቃለሁ?» «ታልቃለህ» ካለው ሆን ብሎ መሽከርከር ይጀምራል። «አታልቅም» ካለው እዚያው ያልቃል። መርማሪው የትኛውንም ቢል ተሳስቷል። ስለዚህ የማይሳሳት መርማሪ ሊኖር አይችልም። ጉዳዩ የማሽን ፍጥነት ወይም የሰው ጉብዝና አይደለም። ማንኛውንም ኮድ አይቶ «ይህ በእርግጠኝነት ያልቃል ወይም አያልቅም» የሚል መሣሪያ የለንም፣ ኤአይም ቢሆን።

## ሒሳብ ካልሆነልኝስ?

ለመጀመር መደመር፣ ማባዛትና ትዕግሥት ይበቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ዲስክሪት ማትስ የሚባለው ነው፦ ሎጂክ፣ ስብስብ፣ የአቆጣጠር ዘዴና ማረጋገጫ። ይህ ትምህርት ቤት ከምናውቀው ሒሳብ የተለየ ጠባይ ስላለው፣ እዚያ ያልቀናው ሰው እዚህ ሲቀናው አይቻለሁ። ማሽን ለርኒንግ (ማሽን ከመረጃ እንዲማር ማድረግ) ለሚፈልግ በኋላ ፕሮባብሊቲ (የዕድል ስሌት) እና ሊኒየር አልጀብራ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ይጨመራሉ። ያ ግን የመጀመሪያው ወር ጉዳይ አይደለም።

## ታዲያ ነገ ምን ላድርግ?

አንድ ቋንቋ ምረጡ፤ ፓይተን ለጀማሪ ቀላል ነው። ቢያንስ ስድስት ወር አትቀይሩት። ሲኤስ50 የሚባለው የሃርቫርድ የጀማሪዎች ኮርስ እና የኤምአይቲ ክፍት ትምህርቶች በነፃ ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ቪዲዮ ማየት የመማር ስሜት ይሰጣል፤ ትምህርቱ የሚገባው ግን መልመጃውን ስትሠሩ ነው።

ኤአይን ከመጠቀም አትቆጠቡ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ። መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉ። ቢበላሽም ጻፉ። ከዚያ «የኔ የት ጋ ይሳሳታል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚሰጣችሁን ኮድ ደግሞ በወረቀት ላይ፣ የየቫሪያብሉን ዋጋ እየጻፋችሁ፣ መስመር በመስመር ተከተሉት።

ከላይ ባስተካከልነው ትልቁን ቁጥር በሚፈልገው አልጎሪዝም ጀምሩ። አሁን ከዝርዝሩ የመጀመሪያ ቁጥር ነው የሚነሣው። በአራት ቁጥር ሞክሩት፣ በአንድ ቁጥር ሞክሩት፣ ሁሉም እኩል በሆኑበት ሞክሩት። ከዚያ ምንም ቁጥር የሌለበት ባዶ ዝርዝር ስጡትና የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን እንደሚገጥመው ተመልከቱ።